የአባት ድርሻ፦ የወንዶች ልማድ፣ የመውለድ አቅምና የልጆች ጤና

በደገሀቡር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



ስለ መካንነት ለመናገር ደገሀቡርን መምረጥ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። በሀገራችን ከሶማሌ ክልል የሚበልጥ ልጅ የሚወለድበት ክልል የለምና። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደውን ልጅ በሶማሌ ክልል 7.2፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.8 ብሎ መዝግቧል። ሆኖም ሰባትና ስምንት ልጅ መውለድ ወግ በሆነበት መንደር ውስጥ አንድም ያልወለደ ቤት የሚሸከመው ኀዘን፣ አንድና ሁለት በሚወለድበት ከተማ ካለው ይከብዳል። ልጅ ስምን ያቆማል፣ ከብት ይጠብቃል፣ በጎሳ ውስጥ ቦታ ያሰጣል። ልጅ የሌለው ሰው የሚያጣው ብዙ ነው።

ይህን ሸክም የሚሸከመው ማን እንደሆነ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። በአማርኛ «መካን» የሚለው ቃል በሰዋስው ለወንድም ለሴትም ያገለግላል፤ በንግግር ግን «እርሷ መካን ናት» ሲባል እንሰማለን እንጂ «እርሱ መካን ነው» ሲባል የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። ሚስት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ቅጠል ትጠጣለች፣ ዱዓ ታስደርጋለች። ባልየው ግን ሁለተኛ ያገባል። ሁለተኛዋም ካልጸነሰች ስለ ሦስተኛዋ ይታሰባል። ይህ አካሄድ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እጅግ ውድና እጅግ ጨካኝ የሆነ የምርመራ ዘዴ ነው። በማይክሮስኮፕ በአንድ ሰዓት ሊታወቅ የሚችለውን ነገር በሦስት ሴቶች ሕይወት መመርመር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ዐዋቂ ሰዎች አንዱ ያህል፣ በትክክል 17.5 በመቶ፣ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ካልወለዱ ጥንዶች መካከል በግማሽ ገደማው ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ በአንዳንዶቹ ብቻውን፣ በሌሎቹ ከሴቷ ችግር ጋር ተዳምሮ። «እኔ እኮ ከመጀመሪያዋ ሚስቴ ወልጃለሁ» የሚለውም መከራከሪያ አያድንም። የዛሬ ስምንት ዓመት የነበረው አቅም ዛሬም አለ ማለት አይደለም።

ለምን እንደማይሆን ለመረዳት የወንድ ዘር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት መናገር አለብኝ። ሴት ልጅ የእንቁላሎቿን ክምችት ይዛ ትወለዳለች። ወንድ ግን ከጉርምስናው ጀምሮ በየቀኑ በሚሊዮኖች የሚቆጠር አዲስ ዘር ያመርታል። አንዱ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ እስኪጠናቀቅ 74 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ለመብሰልና ለመውጣት ሁለት ሳምንት ገደማ ይጨመራል። ስለዚህ ዛሬ የሚመረመረው ፈሳሽ የሚናገረው ሰውየው የዛሬ ሦስት ወር እንዴት ይኖር እንደነበር ነው። ይህ መልካም ዜናም ነው፤ ልማዱን የለወጠ ሰው ውጤቱን በሦስትና በአራት ወር ውስጥ ሊያይ ይችላል።

የዘር ሕዋሱ በሚሠራበት ወቅት ቀላልና ፈጣን ይሆን ዘንድ የሕዋሱን አብዛኛውን አካል አውልቆ ይጥላል። ከሚጥላቸው ነገሮች መካከል የተበላሸ ዘረ መልን የሚጠግንበት መሣሪያ ይገኝበታል። ስንቁን ሁሉ አራግፎ በረሃ እንደሚያቋርጥ መንገደኛ ማለት ነው፤ ይፈጥናል፣ ነገር ግን በመንገድ ላይ የሚደርስበትን ጉዳት የሚያክምበት ነገር አልያዘም። ፋብሪካው ደግሞ ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ የቀዘቀዘ ቦታ ይፈልጋል፤ ተፈጥሮ የዘር ፍሬዎችን ከሆድ ውጭ ያስቀመጠችው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ልማዶቻችን እንለፍ። ከጫት እጀምራለሁ፤ ይህን ርእስ ይዞ እዚህ ከተማ ውስጥ ከሌላ ነገር የሚጀምር ሰው አድማጩን ማታለሉ ነው።

ከአወዳይና ከሐረርጌ ደጋ የተነሣ የጫት መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚፈጥን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። የጫት ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ማንነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቤተ ሙከራ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካሞቹ ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። የሁለት ቀን ጫት ዋጋ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ካቲኖን በሥራው የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ያባርራል።

ዘርን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የየመናውያን ቃሚዎች ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የጫት ሱሰኞችን የዘር ፈሳሽ ከማይቅሙ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የፈሳሹ መጠን፣ የዘር ሕዋሶቹ ብዛት፣ እንቅስቃሴያቸውና ጤናማ ቅርጻቸው በቃሚዎቹ ዘንድ ቀንሶ ተገኘ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩም ራስ የሌላቸው፣ ጭራ የሌላቸው፣ ከአንድ በላይ ራስ ያላቸው ብዙ ነበሩ። ሰውየው የቃመበት ዘመን በረዘመ ቁጥርም ውጤቱ ይከፋ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ንግግሬ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ከለንደን የወጣ የቤተ ሙከራ ጥናት ካቲንና ኖርኤፌድሪን የዘር ሕዋስን ለማዳበር የሚያዘጋጀውን ሂደት እንደሚያፋጥኑ አሳየ፤ ጋዜጦችም «ጫት ለመውለድ ይረዳል» ብለው ጻፉ። የኬንያ ተመራማሪዎች ዝንጀሮዎችን ጫት ሲመግቡ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን ጨመረ፤ በሌላ የኬንያ ጥናት ጫት የተሰጣቸው ጦጣዎች ደግሞ ያው ሆርሞን ቀነሰባቸው። ታዲያ የትኛውን እንመን?

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። የለንደኑ ሙከራ በብልቃጥ ውስጥ ለደቂቃዎች የተደረገ ነው፤ የየመኑ ግን በሰው አካል ላይ ለዓመታት የሆነ ነው። ለእኛ ጥያቄ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ሆኖም የየመኑ ጥናት ትንሽ መሆኑን መካድ አይገባም። አብዛኛው ቃሚ ሲጋራም ያጨሳል፣ እንቅልፍም ያጣል፣ እራቱንም ይዘልላል፤ የጫቱን ጉዳት ከነዚህ ለይቶ መመዘን አስቸጋሪ ነው። ተመራማሪ ይህን መለየት ግዴታው ነው። ለቃሚው ግን ልዩነቱ እምብዛም ትርጉም የለውም፤ እርሱ የሚወስደው ካቲኖንን ብቻ ሳይሆን በርጫውን በሙሉ ነውና። ከበርጫው ጋር ጭሱ አለ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ አለ፣ ስድስት ሰዓት መቀመጥ አለ፣ ከምርቃናው በኋላም እስከ ንጋት ዐይንን ፈጥጦ ማደር አለ።

እንቅልፉን እንኳ ብቻውን ብንወስደው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤናማ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲተኙ የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የተመረመሩት ዐሥር ሰዎች ብቻ ስለሆኑ ብዙ ልንጭንበት አይገባም፤ ነገር ግን አንድ ሳምንት ይህን ካደረገ፣ ዐሥር ዓመት የምርቃና ሌሊት ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከጫት ሳንርቅ ስለሚረጭበት መድኃኒት ላንሣ። ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከገለምሶና ከበዴሳ አካባቢ የተሰበሰበ ጫት የመረመሩ ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች በቅጠሉ ላይ ዲ.ዲ.ቲ. አግኝተዋል። ጤፍና ማሽላ ይታጠባሉ፣ ይፈጫሉ፣ በእሳት ያልፋሉ፤ ጫት ግን እርጥቡ ቅጠል እንዳለ ወደ አፍ ይገባል። በደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ለወባ መከላከያ ዲ.ዲ.ቲ. በሚረጭባቸው መንደሮች የሚኖሩ ወንዶች ሲመረመሩ ኬሚካሉ በደማቸው ውስጥ በጨመረ ቁጥር የዘር ፈሳሻቸው ጥራት ይቀንስ ነበር።

ፀረ ተባይ በወንድ ዘር ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም የተማረው በአንድ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ፣ ላትሮፕ በተባለች ከተማ፣ ዲ.ቢ.ሲ.ፒ. የተሰኘ የአፈር ትል ማጥፊያ የሚያመርቱ ሠራተኞች እርስ በርሳቸው ሲጨዋወቱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በዚያ ክፍል ከሚሠሩት መካከል ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልጅ የወለደ አልነበረም። እንመርመር አሉ። ተመረመሩ፤ የብዙዎቹ የዘር ፈሳሽ ባዶ ወይም ባዶ ሊባል የቀረበ ነበር። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግረው አስቀድሞ ያስተዋለው ተመራማሪ ስላልነበረ ነው፤ ሠራተኞቹ ስለ ገዛ ቤታቸው በግልጽ ስለተነጋገሩ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ በወንዶች መካከል ይነሣል ወይ? እንጃ።

ከዚህ ወደ ቀብሪ ደሀርና ወደ ጎዴ የሚነዱ ሾፌሮቻችንም ይታሰቡኝ። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በመኪና ወንበር ላይ ለሁለት ሰዓት ያህል መቀመጥ ብቻውን የዘር ፍሬን አካባቢ ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ ከፍ እንደሚያደርግ ለክቷል። ያ በፈረንሳይ አየር ነው። የጀረርን የቀትር ፀሐይ፣ የሞተሩን ሙቀትና የዐሥር ሰዓት ጉዞ ጨምሩበት። ሾፌሩ እንዳይተኛ የሚቅመውንና የሚያጨሰውንም አትርሱ። ለሾፌር ሥራህን ተው አይባልም፤ በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ መራመድ፣ ጠባብ የናይለን ሱሪ መተው ግን ምንም አያስወጣም። ሽርጥ የለበሱ አባቶቻችን በዚህ ረገድ ይበልጡናል።

አሁን ከመውለድ ወደ ተወለደው ልጅ ልሻገር። እዚህ ላይ ከሁሉ የጠራው ማስረጃ የትምባሆ ነው። 20 ጥናቶችንና 5,865 ወንዶችን ያጠቃለለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንታኔ ሲጋራ የዘር ሕዋስን ብዛትና እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ጭሱ ዘረ መሉንም ይጎዳል፤ ቀደም ብዬ እንዳልሁት የዘር ሕዋሱ መጠገኛ የለውም። ታዲያ የተጎዳው ዘር ፅንስ ቢሆንስ?

ጥያቄውን መመለስ ያስቸገረው በምዕራቡ ዓለም አባት በሚያጨስበት ቤት እናትም አዘውትራ ስለምታጨስ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ሻንጋይ ሄዱ፤ በዚያ ወንዶች በብዛት ያጨሳሉ፣ ሴቶች ግን አያጨሱም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ውጤት ከፅንሰት በፊት ለብዙ ዓመታት ያጨሱ አባቶች ልጆች በሕፃንነት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። ኋላ የተሠሩ ሰፋ ያሉ ትንታኔዎችም በፅንሰት ወቅት የሚያጨስ አባት ልጅ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የመያዝ አደጋው በ15 በመቶ ገደማ፣ በቀን 20 ሲጋራና ከዚያ በላይ ለሚያጨስ ደግሞ በ44 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳይተዋል። አትደንግጡ፤ በሽታው እጅግ ብርቅ ስለሆነ ከብርቅ ላይ 44 በመቶ መጨመር አሁንም ብርቅ ነው። ሆኖም ይህ አደጋ ልጁ ሳይመርጠው፣ ከመፀነሱም በፊት የተላለፈበት ነው።

የኛ አካባቢ በዚህ ረገድ ከሻንጋይ ጋር ይመሳሰላል። ወንዶቻችን ያጨሳሉ፣ ሴቶቻችን ከሞላ ጎደል አያጨሱም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህን አስቡበት፤ የአባትን ድርሻ ከእናት ለይቶ ለማጥናት እንደዚህ የተመቸ ስፍራ ጥቂት ነው።

ሌላው የአካባቢያችን ጉዳይ ወተት ነው። ስለ ግመል ወተት እዚህ ክፉ መናገር እንደማይቻል ዐውቃለሁ፤ እኔም አልናገርም። ጥሬውን መጠጣት ግን ብሩሴሎሲስን ያመጣል። በሽታው ከግመል፣ ከፍየልና ከላም በወተትና በሚጨነግፍ ከብት ንክኪ ይተላለፋል፤ ወዲያና ወዲህ የሚል ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል። ከተያዙ ወንዶች መካከል በአንዳንዶቹ የዘር ፍሬና የዘር ቱቦ ያብጣል፤ በወቅቱ ካልታከመ ጠባሳው መውለድን ሊያስቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ይታለፋል። የጤና ባለሙያዎች፣ ትኩሳት ያለበት ወንድ የዘር ፍሬው ሲያብጥ ስለ ጥሬ ወተት ጠይቁት። ሕክምናው ስድስት ሳምንት የሚወሰዱ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው፤ መከላከያው ደግሞ ማፍላት ነው።

አልኮል፣ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወጋ ቴስቶስትሮን፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ እነዚህም ሁሉ ይጎዳሉ። ስለ መርፌው አንድ ቃል ብቻ፦ ከውጭ የገባ ሆርሞን የራስን ፋብሪካ ያዘጋል፤ ወንድነትን የሚጨምር መስሎት የሚወጋ ወጣት ዘሩን ሲያጣ ይገረማል። የአባት ዕድሜም አለ። የአይስላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳሳዩት አባት አንድ ዓመት ባረጀ ቁጥር ለልጁ የሚያስተላልፈው አዲስ የዘረ መል ለውጥ በሁለት ገደማ ይጨምራል። በስልሳ ዓመቱ ወጣት ሚስት የሚያገባ ሽማግሌ ሚስቱ ወጣት ብትሆንም ዘሩ የስልሳ ዓመት ነው።

በቅርብ ዓመታት ብዙ የሚወራለት ነገር አባት ልምዱን በዘረ መሉ ላይ በሚለጠፉ ምልክቶች ለልጁ ያስተላልፋል የሚለው ሐሳብ ነው። በሰሜን ስዊድን፣ በኦቨርካሊክስ፣ የወንድ አያት በልጅነቱ ያገኘው የምግብ መጠን ከልጅ ልጆቹ ዕድሜ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ በተደረገ ጥናትም ከ11 ዓመታቸው በፊት ማጨስ የጀመሩ 166 አባቶች ወንዶች ልጆች በዘጠኝ ዓመታቸው ከሌሎች ይልቅ ይወፍሩ ነበር። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የጉና የዴር ዝናብ በተከታታይ አምስት ጊዜ በቀረበት አገር የሚኖር ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይደነግጣል፤ የዛሬ ልጆቻችን የተራቡት ረሃብ ለማን ይተላለፍ ይሆን ያሰኛል። እኔ ግን እጠነቀቃለሁ። በአይጦች የተገኘው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ በሰው ላይ ያለው ገና ቀጭን ነው፤ ከባህልና ከድህነት መወራረስም ገና በደንብ አልተለየም።

ከዚህ ይልቅ ማይክሮስኮፕ የማይፈልገውን ውርስ ማየት ይቀለኛል። አባት ለዕለት ጫቱ የሚያወጣው ብር ከልጁ እንቁላልና ወተት ላይ የሚቀነስባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በርጫው የሚካሄድበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ማታ ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ነው። የልጅ ሳንባ የአባቱን ዘረ መል አይጠብቅም፤ ጭሱን በቀጥታ ይስባል። የአባት ልማድ ወደ ልጅ የሚሻገርባቸው መንገዶች ሦስት ከሆኑ፣ ማለትም ዘር፣ አየርና ኪስ፣ ሳይንሱ ብዙ የሚጽፈው ስለ መጀመሪያው ነው። በእኛ አገር ብዙ ልጅ የሚጎዱት ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው ይመስሉኛል።

በመጨረሻ ስለ ምርመራው። አንድ ዓመት ሞክረው ያልጸነሱ ጥንዶች በአንድ ላይ ይመርመሩ፤ ከሁለቱ ደግሞ የወንዱ ምርመራ ይቅደም። ቀላሉ፣ ርካሹና ሕመም የሌለው እርሱ ነውና። ሰውየው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀብ፤ ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከብርድም ከፀሐይም ተጠብቆ፣ ቤተ ሙከራ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ዝቅተኛ መነሻ አድርጎ የሚጠቅሰው በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ፣ 42 በመቶ የሚንቀሳቀስና 4 በመቶ ጤናማ ቅርጽ ያለው ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት ልጅ ከወለዱ ወንዶች ነው፤ ከነዚህም በታች ሆኖ የወለደ አለ፣ በላይ ሆኖ ያልወለደ አለ። ከየዕለቱ መለዋወጥ የተነሣ በአንድ ምርመራ ፍርድ አይሰጥም፤ ይደገም። ውጤቱ ካነሰ ጫቱን፣ ሲጋራውንና ሙቀቱን አቁሞ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መመርመር ይገባል። ከዚያ በላይ ለሚያስፈልጋቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም፤ ለዚያ ጉዞ ብር የሚሰበስብ ቤተሰብ የባልየውን ውጤት በእጁ ሳይዝ እንዳይነሣ እመክራለሁ።

ሚስት ለብቻዋ ወደ እናንተ ስትመጣ፣ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠሩ ወጣቶች፣ «ባልሽ ተመርምሯል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለባልየው የምትልኩትን ወረቀትም በጥንቃቄ ጻፉ፤ «ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለማወቅ» የሚል መንፈስ ያለው ወረቀት ሰውየውን ያስቀረዋል። «የሁለታችሁም ምርመራ አልተጠናቀቀም» ማለት ይበቃል።

ጥያቄ ለመቀበል ሰዓት ተመድቦልናል። በአደባባይ ለመጠየቅ የሚከብዳችሁ ካላችሁ ወረቀት እየታደለ ነው፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም፣ በሶማሊኛም ሆነ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ።